የአንገትና የቆሽት ነገር

«ዞር በይ» አላት የስፖርት አስተማሪው።

ልጅቷ ጀርባዋን ለሰልፉ ሰጥታ ዞረች። አስተማሪው በያዘው እስክሪብቶ የቱታዋን ኮሌታ ወደ ታች ገፋ አድርጎ ማጅራቷን ገለጠው።

«እዩት እስቲ። የበረኛዬ አንገት ነው ይሄ» አለ። «እናንተ ቤት ሳሙና ጠፋ እንዴ?»

መጀመሪያ አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ። ወዲያው ሳቁ እንደ ጉንፋን ከአንዷ ወደ አንዷ ተላለፈ። ልጅቷ ዓይኗን ከሜዳው ማዶ ባለው የሽቦ አጥር ላይ ተክላ ቆመች። ጠዋት ታጥባ ነው የመጣችው። ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም ታጥባለች። ግን ያ ሁሉ ልጅ እየሳቀ «ታጥቤያለሁ» ቢሉት ውሸት ነው የሚመስለው።

በእጅ ኳስ ቡድኑ ውስጥ የምትታወቀው ግንቢቱ በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣላት ራሱ አስተማሪው ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለች፣ ገና እንደ ሸንበቆ ቀጭን እያለች፣ የተወረወረባትን ኳስ ሁሉ በእጅም በእግርም በደረትም ስትመልስ አይቶ «ይቺስ ልጅ አይደለችም፣ ግንብ ናት» አለ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ያኔ በስሙ ስትጠራ ደስ ይላት ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሰውነቷ ሳያስፈቅዳት ተለወጠ። እንደ ድሮዋ እየበላች ወገቧ ሰፋ። ፊቷን ብጉር ወረሰው። አገጯ ሥር ጥቁር ጸጉር ብቅ ብቅ አለ፤ በር ዘግታ በወረንጦ ትነቅለዋለች። ማጅራቷና ብብቷ ጠቁሮ እንደ ከፈይ ወፈረ። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የጀመራት የወር አበባም ሲመጣ ሲቀር ቆይቶ፣ አሁን ጭራሽ ከጠፋ ወራት አለፉት። ግንቢቱ የሚለው ስም ያው ነው፤ አጠራሩ ግን ሌላ ሆነ። አንዳንዶቹ ጉንጫቸውን ነፋ አድርገው ነው የሚጠሯት።

ልምምዱ ሲያልቅ አስተማሪው ኳስና መረብ ወደሚቀመጥበት ክፍል ጠራት። ወሬ እንደሰማ ነገራት። ምን ወሬ እንደሆነ አልተናገረም፤ ሆዷን አየት አድርጎ ፊቱን ወደ መረቡ መለሰ። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ከሐኪም ወረቀት አምጪ» አለ። «ነገሩ እስኪጣራ ቡድኔ ውስጥ አትገቢም። ወላጅ ምን ይለኛል? ክብደትሽንም ቀንሺ። በረኛ እንጂ በር አልፈለግኩም።»

በቀልዱ ራሱ ፈገግ አለ።

ውጪ ጩጬ ትጠብቃት ነበር። ጩጬ የቡድኑ የክንፍ ተጫዋች ናት፤ ከሁሉም አጭር፣ ከሁሉም ፈጣን፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከግንቢቱ ጋር በአንድ ወንበር የተቀመጠች ጓደኛዋ። የወር አበባዋ መቅረቱን ከእሷ በስተቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቷም እንኳ አታውቅም።

«ለማን ነገርሽ?» አለቻት ግንቢቱ።

ጩጬ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዝ ጀመር። «ለአንዷ ብቻ። ተጨንቄልሽ እኮ ነው። ለማንም እንዳትናገር አስምያታለሁ።»

«እኔስ አንቺን አላስማልኩሽም?»

ግንቢቱ ትታት ሄደች። ሁልጊዜ አብረው በሚሄዱበት መንገድ አልሄደችም፤ በጋራዦቹ በኩል ዞራ፣ ዘይት የፈሰሰበትን ኮረኮንች እየረገጠች ብቻዋን ቤቷ ገባች።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የሚኖሩባት ቤት የፊተኛዋ ክፍል ሱቅም ሳሎንም ናት፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ግድግዳው ላይ የክር ማጠንጠኛ፣ ጥግ ላይ እንደ ክምር የተቀመጠ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። የግንቢቱን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ናት፤ የቤቱ ኑሮ የቆመውም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ልጅቷ ያን ቀን የተናገረችው ግማሹን ብቻ ነበር፦ አንገቷ ቆሽሿል መባሉን። የሐኪሙን ወረቀት ነገር ዋጠችው።

ግማሹም በቃ። እናትየው የያዘችውን ኮሌታ ከመርፌው ሥር ሳታወጣ ተነሳች። ልጅ ቆሸሸች ሲባል የምትታማው እናት ናት፣ አባትም ጎረቤትም አይደለም፣ እያለች ውሃ አሞቀች። ሎሚ ቆረጠች፣ ጨው ጨመረች፣ የድስት መፈተጊያውን ሽቦ አነሳች። ግንቢቱ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ይዛ ተቀመጠች። እናትየው ፈተገች። ውሃው ሲጠራ ጥቁረቱ እዚያው ነው። ደግማ ፈተገች። ሎሚው የተፋቀው ቆዳ ውስጥ ሲገባ ልጅቷ ጥርሷን ነከሰች እንጂ አልጮኸችም። እናትየው ያቆመችው ፎጣው ላይ ደም ስታይ ነው።

«ምንድነው ይሄ ነገር?» አለች፣ ለራሷ የምትናገር እየመሰለች። «ምንድነው የማይለቀው?»

በማግስቱ ልጅቷ ቀሪውንም መናገር ግድ ሆነባት፤ ወረቀት ያለ እናት አይገኝማ። እናትየው ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ልጇን አየቻት። «እውነት ነው?» ብላ አልጠየቀችም። አለመጠየቋን ግንቢቱ ልብ ብላለች፤ የእናቷ ዓይን ግን ጠይቆ ነበር፤ እሱንም ልብ ብላለች።

ሰፈራቸው ያለው ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከስልኩ ቀና ያለው ሁለቴ ይሆናል። እናትየውን ውጪ እንድትጠብቅ አደረገና ልጅቷን የወንድ ጓደኛ እንዳላት ጠየቃት። የለኝም አለች። ቃሉን ለወጥ አድርጎ ደግሞ ጠየቃት። የለኝም አለች። ሦስተኛ ሲጠይቃት፣ ያንኑ መልስ በሦስተኛ ጊዜ የሚቀበል ከሆነ በመጀመሪያው ለምን እንዳልተቀበላት ግራ ገባት። ሽንት ስጪ ተባለች፤ ሰጠች። ከጣቷ ደም ተወሰደ።

እርግዝና የለም። ስኳርም የለም። እናትየው ተመልሳ ስትገባ ሐኪሙ ወረቀቱን ሞልቶ ጨርሶ ነበር። ልጅቷ ምንም እንደሌለባት፣ አፏን ብትቆጣጠር እንደሚበቃት ነገራት። የወር አበባውስ ብትለው፣ «ስታገባ፣ ስትወልድ ይስተካከላል» አለ።

ግንቢቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ናት። የሒሳብ ፈተና አለባት።

ወረቀቱን ለአስተማሪው ስትሰጠው ቆሞ አነበበው። ይቅርታ አላለም፤ ፊቱም ላይ ምንም አልታየም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ይሄ አንዱ ነው፣ ክብደቱስ?» አለ። ቀንሳ ስትመጣ እንደሚያያት ነገራት። በእሷ ቦታ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ በሩ ውስጥ ቆማለች፤ ኳስ ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። ግንቢቱ ምሳ መብላት ተወች። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሰሌዳው ፊቷ ላይ ይዋልላል። ቤት ስትገባ ደግሞ ያገኘችውን ዳቦ ሙሉውን ትበላለች። ከዚያ ራሷን ትጠላለች፤ በማግስቱም ያንኑ ትደግመዋለች። ልምምድ ስለሌላት ከትምህርት ቤት ቀጥታ ቤት ትገባለች፤ ከወንበር ወደ ወንበር ብቻ። ክብደቷም ይብሱን ጨመረ። ክፍል ውስጥ ወሬው በወረቀት አልሞተም። እንዲያውም «አስወርዳ ነው» የሚል ቅጥያ አገኘ። ጩጬ በየቀኑ ማስቲካ ገዝታ ዴስኳ ላይ ታስቀምጣለች፤ ግንቢቱ አትነካውም። አንድ ቀን ጩጬ ያቺን ወሬኛ ልጅ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ አንቃ «ውሸታም ነሽ፣ እኔ እንዲህ አልነገርኩሽም» ስትላት ተሰማ። ግንቢቱ ይህን ሰምታም ማስቲካውን አልነካችም።

እሁድ ቀን አክስቷ መጣች። የእናቷ ታናሽ እህት ናት፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር። ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ግን ሃምሳ ሰው ከኋላ ወንበር የሚያስነሳ ነው። ትልቁን አውቶቡስ በጠባብ መንገድ እንደ ብስክሌት ታዞራለች ይሏታል። በበጋም ሆነ በክረምት አንገቷ ላይ ሻርፕ አይጠፋም፤ የመስኮቱ ንፋስ ጠላቴ ነው ትላለች።

ግንቢቱ ሻይ ልታቀርብላት ጎንበስ ስትል አክስቷ የኮሌታዋን ውስጥ አየች። ቅርፊቱ ገና አልለቀቀም ነበር።

«ይሄን ማን አደረገሽ?»

ልጅቷ እናቷን አየች። እናትየው የስፌት መኪናውን አቆመች።

«ቆሽሻለች ተብላ ነው» አለች እናትየው። «ባጥበው ባጥበው እምቢ አለኝ።»

አክስትየዋ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ተነሥታ የመንገዱን በር ዘጋች፤ ከዚያ ሻርፗን ፈታች። ማጅራቷ ልክ እንደ ግንቢቱ ነው፤ ያው ጥቁረት፣ ያው ከፈይ የመሰለ ቆዳ። ከጎኑ የቆየ ጠባሳ አለው።

«እኔንም ፈትገውኛል፣ እትዬ» አለች ለእህቷ። «የባሌ እናት ናቸው የፈተጉኝ። ሙሽራ ሳለሁ።»

እናትየው አፏን በእጇ ያዘች። እህቷ ልጅ ስላልወለደች ከባሏ ቤት መውጣቷን ታውቃለች፤ አንገቷን ግን ከዚያ ወዲህ ገልጣ አላሳየቻትም። አክስትየዋ አጠር አድርጋ አወራች። ብዙ ሐኪም ዘንድ መሄዷን፣ እሷን እንጂ ባልየውን የመረመረ አለመኖሩን፣ ኋላ ብቻዋን ስትሆን አንዲት ሴት ሐኪም ደሟን በደንብ አስመርምራ ስሙን እንደነገረቻት። በሽታው ስም እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቀችው።

እህቷ እያለቀሰች ትሰማታለች። ግንቢቱ ግን አላለቀሰችም።

«ታውቂ ነበር» አለች።

አክስቷ ዞረች።

«ስሙን ታውቂ ነበር። በየእሁዱ ትመጫለሽ። አንገቴን አይተሻል፣ ፊቴን አይተሻል። ለምን አልነገርሽኝም?»

እናትየው ልትቆጣት አፏን ስትከፍት አክስትየዋ በእጇ ከለከለቻት።

«አፍሬ ነው» አለች። ድምፅዋ ያን ጊዜ አውቶቡስ የሚነዳ አይመስልም ነበር። «ጠርጥሬ ነበር። ብነግርሽ የኔን ማሳየት ሊኖርብኝ ነው። ሻርፑን መፍታት አቃተኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ግንቢቱ «ግድ የለም» አላለችም። ግድ ነበራትማ። ግን በሚቀጥለው ሳምንት አክስቷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ በመኪና ሆስፒታል ልታደርሳቸው ስትመጣ፣ ፊት ወንበር ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

ሐኪሟ ጸጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ የሚንሸራተት ሴት ናቸው። ከአንገቷ አልጀመሩም። መጀመሪያ ስለ ትምህርቷ ጠየቋት፤ ቀጥሎ የወር አበባ መቼ እንደጀመራት፣ መቼ መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደቀረ። አንዱንም ጥያቄ ሁለት ጊዜ አልጠየቋትም። ከዚያ አስፈቅደው ማጅራቷን በጣታቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። ጠባሳውን ሲያዩ እናትየው እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

«ይሄ ቆሻሻ አይደለም» አሉ። «ቢፈተግም አይለቅም። ሳሙናም ጥፋት የለበት፣ እሷም ጥፋት የለባት። ከውስጥ የመጣ ምልክት ነው። ምን እያለ እንደሆነ ደሟን እንጠይቀዋለን።»

በባዶ ሆድ መምጣት ነበረባት። በተባለው ጠዋት የላቦራቶሪው መተላለፊያ በሰው ተሞልቶ ግንቢቱ በእናቷና በአክስቷ መሃል ተጣብባ ተቀመጠች። ከክንዷ ብዙ ብልቃጥ ደም ተወሰደ። አንዱ ለስኳር፣ አንዱ ለኢንሱሊን፣ አንዱ ለደም ቅባት፣ ሌላው ለሆርሞን። ክሊኒኩ ያየው ከነዚህ አንዱን ብቻ ነበር። የማሕፀን አልትራሳውንድም ተነሣች።

ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ ልጅቷ አዞሩት እንጂ ወደ እናቷ አላዞሩትም።

ስኳሩ እውነትም ደህና ነው። ኢንሱሊኑ ግን መሆን ከሚገባው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። መጥፎው ቅባት ከፍ፣ ጥሩው ዝቅ ብሏል። የወንድ የሚባለው፣ ግን ሴት ሁሉ ጥቂት ያላት ሆርሞን ከልኩ አልፏል። ሐኪሟ ስሙን ቀስ አድርገው ነገሯት፦ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ ሆርሞንንና የእንቁላል ማምረቻን የሚያውክ ሕመም። ከአሥር ሴቶች በአንዷ ያህል እንደሚገኝ፣ በዘር እንደሚሄድ፣ ወፍራሟንም ቀጭኗንም እንደሚይዝ አስረዱ። አክስትየዋ ራሷን ነቀነቀች።

«ስኳሬ ደህና ከሆነ ታዲያ ምኔ ነው የታመመው?» አለች ግንቢቱ።

«ኢንሱሊንን እንደ መልእክተኛ አስቢው» አሉ ሐኪሟ። «ከቆሽትሽ ይወጣና የሰውነትሽን በር እያንኳኳ ‹ስኳር አምጥቻለሁ፣ ክፈቱ› ይላል። የአንቺ ሰውነት ጆሮው ከብዷል፤ ቶሎ አይከፍትም። ስለዚህ ቆሽትሽ ሌላ መልእክተኛ ይልካል። ሌላም፣ ሌላም። በስንት ማንኳኳት በሩ ይከፈትና ስኳሩ ይገባል። ክሊኒኩ ስኳርሽ ልክ ነው ያለሽ ለዚህ ነው። ቤቱ ሰላም መሆኑን አይቶ ሄደ፤ ሰላም እንዲሆን ማን እየለፋ እንደሆነ አልጠየቀም። ያ ሁሉ መልእክተኛ ደግሞ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ማጅራትሽ ላይ ቆዳውን ያወፍራል፣ እንቁላል ማምረቻሽን ያውካል፣ የወር አበባውን ያዘገያል፣ ያቺን የአገጭሽንም ጸጉር ያበቅላል። ስብም ያከማቻል። በሆዳምነት የመጣ አይደለም።»

እናትየው ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። «ስታገባ ይሻላታል ተብዬ ነው እኮ ወደ ቤት የተላክሁት» አለች። «ቆሽቴ አረረ፣ ዶክተር።»

«የእርስዎ በንዴት ነው» አሉ ሐኪሟ መነጽራቸውን ወደ ላይ እየገፉ። «የእሷ በሥራ ብዛት ነው።»

መጀመሪያ አክስትየዋ ሳቀች፤ ከዚያ እናትየው እንባዋን እየጠረገች። ግንቢቱም ሳታስበው ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ አላስታወሰችም።

ሐኪሟ ምግብ መዝለሉን እንድትተው ነገሯት፤ በሰዓቱ እንድትበላ፣ ስኳር ያለበትን መጠጥ እንድትቀንስ፣ ከዳቦው ይልቅ ባቄላና አትክልቱን እንድታበዛ። ክኒንም አዘዙላት፤ ሰውነቷ መልእክተኛውን እንዲሰማ የሚረዳ። ተከታትለው የሚይዙት እንጂ በአንድ ሳምንት ጠፍቶ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ አልደበቁም። ግን ከሁሉም በላይ የምፈልገው እንቅስቃሴ ነው አሉ። የሚሠራ ጡንቻ ብዙ ማንኳኳት አይፈልግም፤ ስኳሩን ራሱ በሩን ከፍቶ ይቀበላል።

«ስፖርት ትሠሪያለሽ?»

«እሠራ ነበር። በረኛ ነኝ። እጅ ኳስ።»

«ለምን ተውሽ?»

ልጅቷ ጣቶቿን አየች። «ወፍረሻል ተብዬ ተባረርኩ።»

ሐኪሟ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«መድኃኒቷን ነው የቀሟት» አሉ ለእናትየው።

ያ ቃል ግንቢቱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እስከዚያ ቀን የተሰማት ሀፍረት ነበር፤ ሆስፒታሉን ለቅቃ ስትወጣ ግን ሀፍረቱን ፈልጋ አጣችው። በቦታው ንዴት አለ። የሚያስለቅስ ዓይነት ንዴት አልነበረም። ቀጥ ብሎ የሚያስቆም ነበር።

በዚያው ሳምንት አስተማሪው ራሱ አስጠራት። ቡድኑ የትምህርት ቤቶቹን ውድድር ግማሽ ፍጻሜ በጭንቅ ነበር ያለፈው፤ የስምንተኛ ክፍሏ ልጅ ኳስ መፍራቷን አልተወችም፣ ቅዳሜ ደግሞ ፍጻሜ ነው። ግንቢቱ በሽታዋ ምን እንደሆነ በአጭሩ ነገረችው። ሰማት፤ እንዲያውም አዘን አለ። ያለፈው አለፈ፣ ነገ ልምምድ ግቢ አላት። «ግን ማጅራትሽን በሆነ ነገር ሸፈን አድርጊ» ብሎ ጨመረ። «ፎቶ የሚያነሱ ይመጣሉ።»

«ቲቸር፣ ቆሻሻ ነሽ ያሉኝ በሰልፍ ፊት ነው» አለች። «ያን ቀን የነበሩት ልጆች ባሉበት ቆሻሻ አለመሆኑን ይንገሩልኝ። ከዚያ እገባለሁ።»

አስተማሪው ሳቅ ሊል ፈለገና ፊቷን ሲያይ ተወው። «አስተማሪ ተማሪውን በሰልፍ ፊት ይቅርታ ሲጠይቅ የት አይተሻል?» አለ። «መጫወት ከፈለግሽ ነይ። ካልፈለግሽ መንገዱ ያውልሽ።»

ቤት ገብታ ለእናቷ ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ዘንድ ልሄድ ነው አለቻት። እናትየው መቀሱን ይዛ ቀረች። ጤናሽ ታወቀ፣ እሱ ይበቃናል አለች። የሰው አፍ አይዘጋም። የሚቀጥለው ዓመት ዩኒፎርም ለማን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በዚህ ወር ነው፤ ፈራሚዋም ምክትሏ ናቸው። ግንቢቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች። አልተከራከረችም፤ ቦርሳዋን አስቀምጣ የሒሳብ ደብተሯን አወጣች። ጠዋት ልብሷን ለብሳ ስትወጣ ግን እናቷን ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ብቻሽን አትሄጂም ብቻ ነው ያለቻት።

ምክትሏ ክፉ ሴት አይደሉም። የደከማቸው ሴት ናቸው። ግንቢቱ ከእስክሪብቶው ጀምራ እስከ በሩ ቀልድ ድረስ ስትነግራቸው አላቋረጧትም። አስተማሪው እንዳጠፋ ተቀበሉ። እዚህ ቢሮ ጠርተው፣ አራቱ ብቻ ባሉበት ይቅርታ እንዲጠይቃት እንደሚያደርጉ፣ እሷም ቅዳሜ እንደምትጫወት፣ ነገሩም በሰላም እንደሚያልቅ ነገሯቸው። ከዚያ ወደ እናትየው ዞር ብለው ፈገግ አሉ። «መቼም እርስዎ ቤተኛችን ነዎት።»

የክፍሉ ማራገቢያ ይንጫጫል። እናትየው የቀሚሷን ጠርዝ በጣቶቿ ለካች፤ ሥራ ስታስብ የምታደርገው ነው።

«ቤተኛ ስለሆንኩ ነው የመጣሁት» አለች። «ባልሆን ኖሮ በር ላይ እጮህ ነበር። ልጄ የምትለውን ይስሟት።»

ምክትሏ ወደ ልጅቷ ተመለሱ። ጉዳዩ ይፋ ይሁን ካልሽ የዲሲፕሊን ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት አሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ ከእሱ ጋር ልምምድ አይኖርም። ቅዳሜም አይኖርም። ምስክርም ይጠየቃል። «ከዚያ ሁሉ ልጅ ማን የሚናገርልሽ ይመስልሻል?»

ግንቢቱ አሰበች። ቅዳሜን አሰበች፤ የሜዳውን ጩኸት፣ ኳሱ መዳፏን ሲመታት የሚሰማትን ያንን ጥሩ ሕመም። ሌላ ምንም እንደዚያ የሚወደድ ነገር የላትም። ደግሞም የሚናገርላት እንዳለ አታውቅም።

«የሰደቡኝ ቢሮ ውስጥ አይደለም» አለች። «ኮሚቴው ይሰብሰብ።»

ምክትሏ ትንፋሻቸውን ለቀው ወረቀት ሳቡ።

ሲወጡ ጩጬ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ለልምምድ ቱታዋን ለብሳ፣ የጫማዋ ክር ሳይታሰር። ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። የግንቢቱን እናት ስታይ ተነሥታ ሰላም አለቻት። እናትየው ሁለቱንም አየት አየት አድርጋ፣ ሥራ ይጠብቀኛል ብላ ወደ በሩ አመራች።

«ምስክር ያስፈልጋል አሉሽ?» አለች ጩጬ።

«አዎ።»

«የኔን ስም አስገቢ። እሱ ያለውን እናገራለሁ።» ምራቋን ዋጠች። «እኔ ያወራሁትንም እናገራለሁ።»

«ከቅዳሜው ጨዋታ ያስወጣሻል።»

«አቦ ተይኝ፣ አውቃለሁ።»

ከሜዳው ፊሽካ ተነፋ። ሰልፍ መግቢያ ነው። ጩጬ ቀና ብላ ወደዚያ አየች፤ ከደረጃው ግን አልወረደችም። ግንቢቱ ይቅር እንዳለቻት አልነገረቻትም። ገና አላለቻትምና። ቦርሳዋን አውርዳ ጸጉሯን ሰብስባ ወደ ላይ አሰረችው፤ ማጅራቷ ላይ ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሎ ተሰማት።

«ጫማሽን እሰሪ» አለች። «በውጪው መንገድ እንሩጥ።»

ጩጬ ጎንበስ ብላ አሰረች። በትምህርት ቤቱ በር ወጥተው፣ በጋራዦቹ ፊት ለፊት ባለው ኮረኮንች ላይ፣ ማንም ፊሽካ ሳይነፋላቸው መሮጥ ጀመሩ።